እንጦጦ ወጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ፦ ለደከመው የአዲስ አበባ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ከታክሲ ረዳት ጩኸት፣ ከጎረቤት ግንባታ፣ ከቢሮ ስልክ ማምለጥ የፈለገ ሰው እንጦጦ ፓርክ ይወጣል። ብዙው ሰው ግን እዚያ ደርሶ የሚያደርገው ከተማ ውስጥ ከሚያደርገው አይለይም። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ፣ ሰልፍ፣ ፎቶ፣ ማኪያቶ፣ እንደገና ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ቤት። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት እንዲሁ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በቲሸርት ብቻ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ውሃ ሳልይዝ። ራስ ምታቱ ሲወቅረኝ አመሸ፤ ስወጣ ከነበረኝ የባሰ ድካም ይዤ ነው የገባሁት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። ተራራው ያው ነው፤ አወጣጤ ነው የተለወጠው። ይህን የምጽፈው ለማረፍ ለሚሄድ ሰው ነው። ዚፕላይንና ጎ-ካርት የሚፈልግ ሰው ኩሪፍቱ ያለበት አካባቢ ያገኛቸዋል፣ ይጫወት፣ ደስ ይላል። እኔ የማወራው ስለ ሌላው እንጦጦ ነው።

የምትሄዱበትን ቦታ እወቁት

ፓርኩ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ስፋቱ 1,300 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ቁጥሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው፦ ሰው የሚጨናነቅበት ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ ብቻ ነው። መግቢያዎቹ፣ ካፌዎቹ፣ መጫወቻው፣ ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይባቸው የፎቶ ቦታዎች። ከእነዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር ከራቃችሁ ሰው እየሳሳ ይሄዳል።

ሌላው ከፍታው ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። መሀል ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ቁርሳችሁን ታች በልታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰባትና ስምንት መቶ ሜትር ከፍ ብላችሁ ትገኛላችሁ ማለት ነው። መቶ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ አድርጎ ይቀንሳል። ላይ ስትደርሱ ከታች በአራት በአምስት ዲግሪ ይበርዳል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። አየሩም ይሳሳል፤ ታች ሁለት ፎቅ ሮጦ የሚወጣ ሰው እዚህ ትንሽ ዳገት ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አትሌቶቻችን ማለዳ እዚህ የሚሮጡትም ለዚሁ ስስ አየር ብለው ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ግማሹ ነገር ከዚህ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው።

1. ቀን ስትመርጡ የወሩንም ቀን እዩ

ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ለዝምታ አይሆንም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ግማሽ ቀን ፈቃድ መውሰድ የምትችሉ ከሆነ ውሰዱ፤ ዓመት ፈቃድን ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የምንጨርስ ሰዎች ነን፣ ግማሽ ቀን ለራስ ማዋል ምንም ነውር የለበትም። የግድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሚመቸኝ ካላችሁ በማለዳ ሂዱ።

ሰው የሚረሳው የወሩን ቀን ነው። እንጦጦ ላይ ማርያም አለች፣ ራጉኤል አለ፣ መውጫው ላይ ደግሞ ኪዳነ ምሕረት። ስለዚህ በ21፣ በ1 እና በ16 መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል። ዓመታዊዎቹ ደግሞ የባሱ ናቸው፦ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ መስከረም 1 ራጉኤል። ልትሳለሙ ከሆነ ከእነዚህ ቀናት የተሻለ የለም። ዝምታ ፍለጋ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ያዙ፤ እግረ መንገዳችሁንም ለምእመኑ ታክሲ ትለቃላችሁ።

ከወራቱ ለኔ ጥቅምትና ኅዳር ይበልጡብኛል። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ከላይ ሆናችሁ ወደ ደቡብ ስታዩ ከከተማው ባሻገር ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። በስተምሥራቅ በኩል የረር፣ በስተምዕራብ ወጨጫ። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ዝቋላ አናት ላይ ሐይቅ እንዳለ ንገሯቸው፣ ዓይናቸውን ከተራራው አይነቅሉም። መስከረም ላይ ከወጣችሁ ደግሞ አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ አድርጎት ታገኙታላችሁ። ከየካቲት ወዲያ አቧራና የከተማ ጭስ ስለሚጋርድ ርቆ ማየት ያስቸግራል፤ ለመቀመጥ ግን ምንም አይል።

ክረምትስ? እኔ እወጣለሁ። ጉም ዛፎቹን ሲውጣቸው አምስት እርምጃ ርቆ ያለ ሰው አይታይም፣ ድምፅም ይታፈናል፣ እንደዚያ ያለ ዝምታ በሌላ ወር የለም። ግን በጠዋት ሄጄ ከእኩለ ቀን በፊት እወርዳለሁ። የሐምሌና የነሐሴ መብረቅ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተራራ አናት ላይ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዛፉን ትታችሁ ወደ ቤት ወይ ወደ መኪና ግቡ።

2. ሰዓቱ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። አለቀ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፣ መኪናውም ይበዛል። ጀንበር ስትጠልቅ ማየት ያምራል፣ ግን ጨለማ ሳይዛችሁ አስፋልት ላይ መሆናችሁን አረጋግጡ፤ እንጦጦ ጅብ አለ፣ በእግር መንገዱም በጨለማ ለቁርጭምጭሚት አይመችም።

3. ከቤት ስትወጡ

ጠዋት ቁርስ ብሉ፣ ግን አታብዙ። ገንፎ ወይም ጨጨብሳ ጥግብ ብሎ በልቶ ዳገት መውጣት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ፆም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ረጅም እግር ጉዞ አታስቡ፤ በመኪና ወጥታችሁ ተቀምጣችሁ ተመለሱ።

ልብስ ደራርቡ። ከውስጥ ቀላል ነገር፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ስትራመዱ ታወልቃላችሁ፣ ስትቀመጡ ትለብሳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲራመድ ስለሚሞቀው ጃኬቱን መኪና ውስጥ ትቶት ይሄዳል፣ ከዚያ ላቡ ሳይደርቅ ቁጭ ሲል ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይገባል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ ይሄዳል፣ «እንጦጦ ይበርዳል» ይላል። ለመቀመጥ ከሆነ የምትሄዱት ጋቢ ያዙ። እውነቴን ነው፣ ጋቢን የሚያህል የለም። ሲሞቅ ትቀመጡበታላችሁ፣ ሲበርድ ትከናነቡታላችሁ። ከሌላችሁ መንገዳችሁ ሽሮ ሜዳ ነው፣ የሸማ ገበያው መሀል ነው የምታልፉት።

ጫማችሁ ሶሉ ያልላሸ ይሁን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደርቆ ሲነጠፍ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ኮፍያ ያስፈልጋል፤ ብርዱ ያታልላችኋል እንጂ እዚያ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቶሎ ነው የሚያቃጥለው። ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር። ሶፍት። ቆሎ። በፔርሙስ ሻይ ብትይዙ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አንድ ባዶ ፌስታል ደግሞ ለቆሻሻችሁ፣ ይዛችሁት ውጡ ይዛችሁት ውረዱ።

ትልቁ ስፒከር ቤት ይቅር። እባካችሁ። አንድ ስፒከር የአንድ ሸለቆ ዝምታ ይበላል፤ ሙዚቃ ከፈለጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ።

አስም፣ የልብ ችግር ወይም ከፍ ያለ ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ሐኪም ሳይጠይቁ ረጅም ዳገት አይሞክሩ። በመኪና እስከ ላይ ስለሚደረስ ማንም ከመውጣት አይከለከልም፤ የምለው ስለ እግር ጉዞው ነው። የአስም መንፊያ ያለው ሰው ኪሱ ውስጥ ይያዘው፣ ቦርሳ ታች አይቀበር።

4. አወጣጥ

በታክሲ ከሆነ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ሄዳችሁ የሽሮ ሜዳ ያዙ። ስድስት ኪሎን አልፎ፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ ያደርሳችኋል። ከዚያ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሌላ ታክሲ ትቀይራላችሁ። በስልክ የሚጠራ ታክሲ (ራይድ ወይም ፈረስ) ከያዛችሁ ደግሞ ስለ መመለሻው ከወዲሁ አስቡ፤ ላይ ሆኖ መኪና መጥራት ሁልጊዜ አይሳካም። ሹፌሩ ጨዋ መስሎ ከታያችሁ ስልኩን ተቀበሉና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ተቃጠሩ።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ስትወጡ ሞተሩን ሙቀት እንዳያስጨንቀው፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ በሉ። በጎን ለሚሄዱ ሰዎች፣ ለአህዮችና ለሯጮች ቦታ ስጡ።

ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በእግር የሚወጡም አሉ። ጉልበቱ ካላችሁ በጣም ቆንጆ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን አልመክርም፤ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ማረፊያው ቦታ ድካሙን ማስታገሻ ብቻ ይሆንበታል።

5. የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ

ከመኪና እንደወረዳችሁ አትሮጡ፣ ዳገት አትጀምሩ። ሽንት ቤት ሂዱ (ርቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ አታገኙም)፣ ውሃ ተጎንጩ፣ የፓርኩን ካርታ ወይም ጠባቂዎቹን ጠይቁና የእግር መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ ተረዱ። ጠባቂዎቹን ሰላም በሉ። የትኛው መንገድ ጭቃ እንደሆነ፣ የትኛው ዝም ያለ እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ሜዳ ሜዳውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየተራመዳችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ በአፍንጫችሁ ብቻ መተንፈስ እስከቻላችሁ ድረስ ልኩ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። መውረድ ብቻውን መድኃኒት ነው።

6. ከሰው መራቅ፣ ግን ከመንገድ አለመራቅ

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዝምታ የሚገኘው ከካፌዎቹና ከፎቶ ቦታዎቹ ራቅ ብሎ ነው፤ ግን ከተሠራው የእግር መንገድ ወጥታችሁ ጫካ አትግቡ። ባሕር ዛፉ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ አቅጣጫ ያስታል። ከመንገዱ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ገባ ብሎ፣ መንገዱ ግን እየታያችሁ መቀመጥ ይበቃል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ለአንድ ሰው ሎካሽን ላኩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉም ንገሩት። እሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ የምታደርጉት።

ስትመርጡ ቀና ብላችሁ እዩ። ባሕር ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ይጥላል፣ ነፋስ ባለበት ቀን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚጥለው። ከላያችሁ የደረቀ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ጀርባችሁን የምታስደግፉበት ግንድ ወይም ድንጋይ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ዓይን ርቆ የሚሄድበት ክፍት ቦታ ያለው ከሆነ እሱ ነው። ጥዱ ያለበትን ካገኛችሁ ከባሕር ዛፉ ይልቅ እሱን ምረጡ። ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የተራራው የራሱ ዛፎች ናቸው፣ ወፉም የሚበዛው እነሱ ጋ ነው።

ባሕር ዛፉ እንግዳ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያልቅባት ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ ቅጠሉን አፍልተው በጋቢ ተሸፍኜ የታጠንኩት ነውና ልጠላው አልችልም። አንድ ነገር አድርጉ፦ አዲስ የበቀለ ችግኝ ፈልጉ። የሕፃኑ ዛፍ ቅጠል ክብ ነው፣ ሰማያዊ ብጤ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። የትልቁ ዛፍ ደግሞ ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ። አንድ ዛፍ ሲያድግ ቅጠሉን እንዲህ ይለውጣል። ከወደቀው አንዱን አንሥታችሁ በጣታችሁ እሹና አሽትቱት፣ አፍንጫችሁ እስከ ግንባራችሁ ድረስ ይከፈታል። ያ ዘይቱ ነው። በበጋ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ ጫካውን የምታነደውም በዚሁ ዘይት ምክንያት ስለሆነ እሳት የሚባል ነገር አታንሡ፣ ቡና ለማፍላትም ቢሆን።

7. መቀመጡ

ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። መመሪያውንም የጻፍኩት ለዚህች ክፍል ብዬ ነው።

ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ያነሰ አይሠራም፣ ቢያንስ ለኔ አልሠራም። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃዎች ጭንቅላት ከተማውን ነው የሚያወራው፦ የቤት ኪራይ፣ ያልተመለሰ መልእክት፣ ትናንት ማን ምን እንዳለ። እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ ይሄዳል። ስልኩ የለም፣ ወይም ጠፍቷል። ተዉት። ሐሳቡን ለማባረር አትታገሉ፣ ዝም ብላችሁ የሚሰማውን ነገር ቁጠሩ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ነው የሚሰማችሁ፣ ነፋስ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ይሆናል። ከዚያ አራት።

ኅዳር ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጬ ከጀርባዬ ጧ፣ ጧ የሚል ነገር ሰማሁ። ሰው መስሎኝ ዞርኩ። የለም። እንደገና ጧ። ብዙ ከፈለግኩ በኋላ አገኘሁት፦ ከባሕር ዛፍ ግንድ ተልጦ የተንጠለጠለ ረጅም ቅርፊት ነው፣ ነፋሱ ባነሣው ቁጥር ግንዱን ይመታል። ከታች በኩል ጠቅልሎ እንደ ቀረፋ ሆኗል። ከሥሩ ያለው አዲሱ ግንድ ደግሞ ለስላሳ፣ እርጥብ የሚመስል፣ ወተት ሊመስል ምንም አልቀረው። እጄን አስነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነበር። ያንን ቅርፊት ምን ያህል ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፣ ግን ስነሣ ከሰዓት በላይ ሆኗል፣ ስለ ቢሮም አላሰብኩም ነበር።

አንድ መመሪያ አለኝ፦ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ችግር ለመፍታት አትሞክሩ። ደብተር ይዘው የሚሄዱ፣ ዕቅድ የሚያወጡ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን ያ ሥራ ነው። ማረፍ ሌላ ነው።

መጸለይ የሚፈልግ ይጸልይ፣ መሬቱም ለዚያ የለመደ ነው። ጓደኛ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ «ለአንድ ሰዓት አናወራም፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣለን።» መጀመሪያ ያስቃል፣ በኋላ ይለመዳል። ከሻዩ ጋር የሚመጣው ወሬ ደግሞ ከወትሮው ይለያል፣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

የምታዩትና የምትሰሙት

ጠዋት ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚጮኸው ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ምንቃር ያለው ትልቅ ጥቁር መሳይ ወፍ ነው፤ በመንጋ እየበረረ ይንጫጫል፣ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ደግሞ መሬቱን በምንቃሩ እየወጋ ትል ይፈልጋል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም አይገኝም። ቁራውንም በደንብ እዩት። የኛ ደጋ ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ምንቃሩም ወፍራምና ጉብ ያለ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ፣ ፍጹም ዝም ካላችሁ፣ ቁጥቋጦ ሥር ድኩላ ትታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይቻለሁ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው ያሳለፍኳት።

አናቱ ላይ ስትቆሙ ደግሞ ይህን አስቡ። ከእግራችሁ በስተደቡብ የሚዘንበው ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርድና አፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። በስተሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የሚዘንበው ግን ወደ አባይ ነው የሚሄደው፣ ሱዳንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራንያን ይገባል። ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን ወድቀው እንዲህ ይለያያሉ። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ እዚያ ዝናብ ሲመታኝ አልበሳጭም።

እንጨት የተሸከሙ እናቶች

በመንገዱ ላይ ጎንበስ ብለው የእንጨት ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶች ልታገኙ ትችላላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው፣ የውስጡን ጠርዝ ስጧቸው፣ ቁልቁለት ላይ ሸክም ይዞ መቆም ከመሄድ ይከብዳልና አታስቁሟቸው። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሡ። እኛ ለእረፍት የምንወጣበት ዳገት ለእነሱ እንጀራ ነው።

አንዴ ሸክማቸውን መደብ ላይ አሳርፈው ሲያርፉ ያገኘኋቸው እናት ነበሩ። «እንደምን አደሩ እማማ፣ እግዜር ያበርታዎት» አልኳቸው። «አሜን ልጄ» አሉና ጋቢዬን አይተው «አንተ እንኳ ብርዱን አውቀኸዋል» አሉኝ። ሻይ ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ፔርሙሴን ሞልቼ ነው የምወጣው፣ ስኒም ሁለት ነው የምይዘው።

ከእናት ጋር፣ ከልጅ ጋር

እማዬን ይዤ ስወጣ ዕቅዱ ይለወጣል። በመኪና እስከ ላይ፣ ወደ መቀመጫው የሚወስደው መንገድ ሜዳ የሆነበት፣ ለጉልበቷ ደግሞ መደገፊያ ያለው ወንበር። መሬት ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፣ መነሣቱ ነው የሚያስቸግራት። አስቀድመን እንጦጦ ማርያም ተሳልመን ነው ወደ ፓርኩ የምንሄደው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1882 ዓ.ም. የነገሡት በዚች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጊቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም የንጉሡንና የእቴጌ ጣይቱን ዕቃዎች ይዟል። ከተማው ወደ ፍልውሃው ሳይወርድ በፊት መናገሻው እዚህ ብርዱ ላይ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ «ጣይቱ ልክ ናት፣ ማን ይኖራል እዚህ» ትላለች፣ ጋቢዋን እየሳበች።

ልጆችን ከወሰዳችሁ ዝምታን ከነሱ አትጠብቁ። መጀመሪያ ይሩጡ፣ ፈረስ ይቀመጡ፣ ይጫወቱ። ሲደክማቸው ነው ዛፍ ሥር አስተኝታችሁ «ስንት ድምፅ ይሰማችኋል?» የምትሏቸው። የእኅቴ ልጅ ሰባት ቆጠረች፣ እኔ አምስት ነበር የቆጠርኩት። ከወላጅ ዓይን ግን አይራቁ፣ ገደል ያለበት ቦታ አለ።

8. መውረድ

ከመነሣታችሁ በፊት የተቀመጣችሁበትን ዞር ብላችሁ እዩ። የቆሎ ወረቀት፣ የውሃ ክዳን፣ ሶፍት። የሌላ ሰውም ቢሆን አንድ ሁለቱን ፌስታሉ ውስጥ ጨምሩ። አበባ አትቅጠፉ።

እንደተነሣችሁ ወዲያው ስልክ አትክፈቱ። መኪናው ድረስ ወይም ታክሲው ድረስ ታገሡ፤ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ያገኛችሁትን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ በሁለት ደቂቃ ይወስደዋል። ሎካሽን ለላካችሁለት ሰው ግን ደውሉ፣ ያ አይቀርም።

መኪና የምትነዱ በፍሬን ብቻ አትውረዱ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ፍሬን ይግላል፣ ሲግል ደግሞ አይዝም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። በእግር የምትወርዱ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ፣ አጠር አጠር ያለ እርምጃ ሂዱ፤ በማግስቱ ጭናችሁን የሚያማችሁ ከመውጣቱ ይልቅ ከመውረዱ ነው።

ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ 5 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፀሐይ ሞቋል፣ ሹራቡን ታወልቃላችሁ፣ ረዳቱ «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» ይላል። መስኮት ጋ ያለውን ወንበር ያዙ።